ለመድኃኒቷ የተጠበሰ ጉበት

«እሷንማ አሁን ልንለቃት አንችልም፤ ገና መቼ ተጠቀምንባትና» አለች እናት በስልክ።

ትንሿ ልጇ ይህን የሰማችው ጓዳ ቆማ በሞቀ ውሃ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ስልኩ የእሷ ነው፤ ሲጠራ የሚያነሳው ግን ቀድሞ የደረሰ ነው፣ በዚያ ቤት ደግሞ እናትን ቀድሞ የትም የደረሰ ሰው የለም። እናት ዕድሜዋን የፈጀችው የትምህርት ቤት በር ስትጠብቅ ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትጠብቀው በር ቢያጥራት የበሩንና የሳጥኗን ቁልፍ ባንገቷ አንጠልጥላ የራሷን ቤት በር ይዛለች፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ቦርሳው ውስጥ ምን እንደያዘ ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስዳትም። «ደህና ናት፣ ልጄ፣ ምን ጎድሎባት» ትላለች አሁን፣ «ብቻ የወንድሟ ነገር ሳያልቅ የትም አትሄድም። አንቺም ሥራሽ አይበደል፣ ወንበሩን ለሌላ ስጪው።» ከዚያ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ትንሿ ፎጣውን ፊቷ ላይ እንደያዘች ቀረች። ስለ ሰው የተወራ አይመስልም፤ ጎረቤት ሊዋስ ስለመጣው መሰላል ቢሆን ያምርበት ነበር። ተናደደች። ወጥታ «እማ፣ ምን አልሽ አሁን?» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ዛሬ የወንድሟ የትልቁ የሆስፒታል ቀጠሮ ነው፣ በቀጠሮ ቀን በዚያ ቤት ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ፎጣውን ሰቅላ ወጣች።

የደወለችው ቀይዋ ናት። ሁለቱ ፀጉር ሥራ የተማሩት አብረው፣ በአንድ ማድረቂያ እየተሻሙ ነው። ቀይዋ ሌላ ከተማ ሄዳ የራሷን ፀጉር ቤት ከፍታለች፤ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለማንም አልሰጠችም። «ያንቺ ነው» ብላ ፎቶውን ልካላት ነበር። ጥቁር የቆዳ ወንበር ነው፤ ፊት ለፊቱ ረጅም መስታወት አለ፣ በመስታወቱ ውስጥ መንገዱና የሚያልፈው ሰው ይታያል። ትንሿ ያንን ፎቶ ስንቴ ከፍታ እንዳየችው ለማንም አልተናገረችም። እናት የማታውቀው አንድ ነገር ቢኖራት ያ ብቻ ነበር፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እሱም ታወቀ።

«ነይ መድኃኒቴ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች እናት፣ ምንም እንዳልተናገረች ሆና። ጠረጴዛው ላይ እንቁላል፣ ወተትና የቀይ ስር ጭማቂ ተደርድሯል፤ ጉበቱ የማታ ነው። የጉበት ዋጋ ጣራ ነክቷል፣ ቢሆንም ሳይገዛ የቀረበት ሳምንት የለም። እናትና ትልቁ ድንች ሲበሉ እሷ ጉበት ትበላለች። ይህ ሁሉ የመጣው የመጀመሪያው ክሊኒክ የወንድምና የእህትን ደም መርምሮ «ይገጥማል» ካለ ወዲህ ነው። ትልቁ ሰዓት ሠሪ ነው። ቆዳው እየጠነከረ፣ ጣቶቹ ብርድ ሲነካቸው መጀመሪያ እየነጡ ከዚያ እየጠቆሩ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው መጣ፤ የሚወጋው የገዛ ሰውነቱ ነው አሉ። ክሊኒኩ ስለ ስቴም ሴል፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ስላለው የደም ዘር ብዙ ካወራ በኋላ ወንድምና እህት ቢመረመሩ አይከፋም አለ፤ እናት ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው ትንሿ መድኃኒት መሆኗን ብቻ ነው። መድኃኒት ደግሞ ይቀመጣል እንጂ አይዞርም። ፀጉር ቤቱ ቀረ፣ የቀለም ሽታ መቅኔ ያበላሻል ተብሎ። ቀዝቃዛ ውሃ ቀረ። አውቶቡስ ቀረ፣ ሰው ያስልባታል። ገና በወጉ እጇን ያልያዘው የመኪና ዕቃ ሻጭም «ብታረግዢስ?» ተብሎ ቀረ። መቀሷ በጨርቅ ተጠቅልሎ እናት ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሐኪም አላዘዘም፤ ግን ሐኪም አዝዞ እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ የለም። ጎረቤት እንኳ ሊጠይቅ ሲመጣ በሽተኛውን ትቶ «መድኃኒቷ እንዴት ናት?» ማለት ለምዷል።

ትልቁ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ሻዩን በማንኪያ ይጠጣል። አፉ ዙሪያውን ስለጠበበ ብርጭቆ አይመቸውም። ድሮ እሱና ትንሿ አንድ ቃል ሳይወራወሩ ቁርስ በልተው አያውቁም ነበር፤ እሱ ደንበኞቹን ያስመስልላታል፣ እሷ ፀጉር ቤት የሰማችውን የሴቶች ወሬ ታመጣለች። ከዝናቡ ወራት ወዲህ ግን ዓይኗን አያይም። ሕመሙ ነው ትል ነበር። ዛሬም ሳያያት ስልኩን ገፋ አደረገላትና «ታክሲ ጥሪልኝ» አለ። የደረቀ ጣቱን ስልኩ አያውቀውም፤ መስታወቱን ቢደባብስ ቢደባብስ አይከፈትለትም። ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ ብሎን በመቆንጠጫ አንስቶ በቦታዋ ያስገባ የነበረ እጅ ነው።

እናት በር ላይ አቆመቻቸው። የትንሿን ቦርሳ ከፍታ አየች፣ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠመጠመች፣ «የታክሲውን መስኮት እንዳትከፍቺ» አለች። ትንሿ እስከ ዛሬ ሆስፒታሉን ረግጣ አታውቅም፤ መድኃኒት በበሽተኛ መሀል አይቀመጥም ብላ እናት ከልክላ ነበር። እናት ራሷ ደግሞ ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም። ስለዚህ ትልቁ ሁልጊዜ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለስ ነበር፤ ምን አሉህ ሲባል «ጠብቁ አሉ» ይላል፣ እነሱም ይጠብቃሉ። በዚህ ሳምንት ግን ከሆስፒታል ተደውሎ ቤተሰብ ይዞ ይምጣ ተባለ፤ ስልኩን ያነሳችው እናት ስለነበረች ትልቁ ማስቀረት አልቻለም። «በይ እንግዲህ፣ ዛሬ ቀኑን ይቆርጡልሻል» አለቻት፣ የሚታመመው ልጇ እዚያው አጠገቧ ቆሞ። ትንሿ ደስ አላት። ቀኑ ይቆረጥ፣ የሚወስዱትን ይውሰዱ፣ ከዚያ ያኛው ወንበር ቢቀር እንኳ ሌላ ወንበር አይጠፋም ብላ አሰበች። በታክሲው ውስጥ ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ሲማረር፣ ስለ መንገዱ ሲማረር፣ ስለ ሚስቱ እናት ሲማረር ሁለቱም በየመስኮታቸው ውጪውን ያዩ ነበር።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰው ወንበር ሞልቶ ግድግዳ ተደግፏል። አንዲት ሴትዮ ለማያውቋት ሰዎች ሁሉ የኩላሊቷን ታሪክ ከመጀመሪያው ትተርክላቸዋለች፤ አንድ ሽማግሌ ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ ተኝተዋል። ነርሷ ወጥታ ትልቁን ለየችውና ወደ ትንሿ ዞረች።

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«እህቱ ነኝ። ሰጪዋ።»

«የምን ሰጪ?»

«የመቅኔው ነዋ፣ ሲስተር። የስቴም ሴሉ።»

ነርሷ ትልቁን አየችው። ትልቁ ጣሪያውን አየ። «ከራሱ እኮ ነው የሚወሰደው» አለች ነርሷ። «እኔ አስታማሚ ይዞ ይምጣ ነው ያልኩት።» ትንሿ ፈገግ አለች፣ ነርሷ ከሌላ በሽተኛ ጋር ያምታታች መስሏት። ከዚያ የወንድሟን ፊት አየች። ያ ፊት ከጠነከረ ወዲህ ሐዘንም ሳቅም አያሳይም፤ ግን ጆሮዎቹ ቀልተዋል፣ ልጅ ሆኖ ሲዋሽ እንደሚቀሉት።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። ነገሩን ለትንሿ ከመጀመሪያው አስረዳቻት። «ደም ውስጥ ዘበኞች አሉ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁ። የወንድምሽ ዘበኞች ባለቤቱን ሌባ ብለው ይዘውታል፤ ሳንባው ድረስ ገብተው ነው የሚደበድቡት። ስለዚህ መጀመሪያ ከገዛ ደሙ ዘሩን፣ ስቴም ሴሉን፣ ሰብስበን በበረዶ እናስቀምጣለን። ከዚያ በከባድ መድኃኒት ዘበኞቹን ሁሉ እናሰናብታለን። ከዚያ ዘሩን እንመልስለታለን፤ ከእሱ አዲስ ዘበኛ ይበቅላል፣ ቤቱንም እንደ አዲስ ይለምዳል።» ትንሿ አቋረጠቻት። «የኔ ይገጥማል ተብሎ ነበር፣ ዶክተር።» «ይገጥም ይሆናል። ግን ለዚህ በሽታ ከሌላ ሰው መውሰዱን አንመርጥም። የሌላ ሰው ዘበኛ እሱን ባዕድ ነው ብሎ ሊነሳበት ይችላል፣ ሌላ ጦስ ነው። ይህን እኮ ዝናቡ ሳይጀምር ነው የነገርኩት፤ አልነገረሽም?»

ትንሿ ወደ ወንድሟ ዞረች። ትልቁ ቀድሞ ጠየቀ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «አዲሶቹስ እንደ በፊቶቹ ቢሆኑ? ዘሩ ራሱ ቢሆንስ የተበላሸው?» ሐኪሟ እጆቿን አጣጠፈች። «ይህን አጥርቶ የሚያውቅ የለም። ጥፋቱ ከዘሩ ይጀምር ከአስተዳደጉ፣ ገና እያጠናን ነው። የተሻላቸው ብዙ ናቸው፤ የተመለሰባቸውም አሉ። ሕክምናው ራሱ ከባድ ነው፣ አልዋሽህም።» ከዚያ ሌላውን ዘረዘረች። ፀጉሩ ይረግፋል፣ በኋላ ይመለሳል፤ ትራስ ላይ ሲያገኙት ሰው ስለሚደነግጥ ቀድሞ ቢቆረጥ ይሻላል። ከሆስፒታል ሲወጣ እንደ አራስ ልጅ ነው፣ ክትባቱን ሳይቀር እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ወራት ሙሉ ምግቡን የሚያበስልለት፣ ቤቱን የሚያጸዳለት፣ ትኩሳቱን የሚለካለት አንድ ሰው ያስፈልገዋል። «አስታማሚው ማን ነው?» ስትል ሐኪሟም ነርሷም ትንሿን አዩ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚታይ ሰው አልነበረም። ትንሿ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሳንባ ሥዕል ስታይ ቆየችና «ቤት ተነጋግረን እንነግርዎታለን» አለች።

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ትንሿ ልትመታው ፈለገች። በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም፤ አሁን ግን እጇ ራሱ ተነሳ ተነሳ አላት። እሱ ጣቶቹን እጅጌው ውስጥ ከቷል፣ ኮሪደሩ ይበርዳል።

«ለምን?» አለችው።

«የራሴን አላመንኩትም» አለ። «የከዳኝን ደም ነው አቀዝቅዘው መልሰው የሚሰጡኝ። ያንቺ ንጹሕ ነው። ሐኪሟን ደጋግሜ ብለምናት ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ነው።»

«እሱ ብቻ ነው?»

አንዲት እናት የምታለቅስ ሕፃን ይዛ አለፈች። ትልቁ ሕፃኗ እስክትርቅ ጠበቀ። «ብናገር አንቺ ትሄጃለሽ። ከዚያ እኔና እማ። እሷ በሩን ስትጠብቅ፣ እኔ እሷን ሳይ። ፈራሁ፣ ምን ልበልሽ።»

ምን ትበለው? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን ሰው የሚያህል ነገር በልቷል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ወንበሩ አለ፣ የመኪና ዕቃ ሻጩ አለ፣ በየማታው ትንፋሿን ይዛ የዋጠችው አለ። ክፋቱ ደግሞ ፍርሃቱ ይገባታል፤ እሷም ያንን ቤት ታውቀዋለች። ይህን ባታውቅ ኖሮ መጥላቱ በቀለላት።

«እኔ ጉበት አልወድም» አለችው በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ለእማ አንተው ንገራት።»

«እነግራታለሁ» አለ፣ ጆሮው አሁንም እንደቀላ።

ቤት ሲደርሱ ጉበቱ መጥበሻ ላይ ነው፤ ሽታው እስከ ደረጃው አፍ ወርዶ ተቀበላቸው። እናት ሻርፑን ከትንሿ አንገት ላይ ፈታች፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካች፣ «ቀን ቆረጡልሽ?» አለች። ትንሿ ወንድሟን አየች። ትልቁ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ፤ ጫማው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ውሃ ጠየቀ። ውሃውም ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ይህንን ነው፤ ሦስቱም አንድ ነገር እንደተደበቀ አውቀው ስለ ታክሲው ዋጋ ያወሩ ነበር። ትንሿ በሩ አጠገብ እንደቆመች ነው። ዛሬም ዝም ሊል ነው ብላ አሰበች።

«መቀሱን አውጪላት» አለ ትልቁ ድንገት። «ሐኪሟ ፀጉርህ ይረግፋል፣ ቀድሞ ይቆረጥ ብላለች።» እናት አመነታች፤ ግን የሐኪም ትእዛዝ ነው። ቁልፉን ካንገቷ አውልቃ ሳጥኑን ከፈተችና ወደ ጓዳ፣ ወደ ጉበቱ ተመለሰች። ትንሿ ጨርቁን ፈታ መቀሱን ስትይዘው ጣቶቿ ቀለበቶቹ ውስጥ ራሳቸው ገቡ። ወንድሟን አስቀምጣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፣ ራሱን በመዳፏ ወደፊት ገፋ አድርጋ ከማጅራቱ ጀመረች። ዓመት ሙሉ ያልሠራ እጅ ነው፤ አልረሳም። ፀጉሩ እየተቆረጠ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ደስታ ተሰማት፣ በደስታዋም አፈረች፣ ግን አላቆመችም። ትልቁ ፊቱ ወደ ግድግዳው ስለሆነ ይመስላል አንደበቱ የተፈታው።

«እማ፣ የሚወሰደው ከኔ ነው። ከሷ አይደለም።»

ጓዳ ውስጥ የማንኪያው ድምፅ ቆመ። «ማን አለ?»

«ሐኪሟ። ከነገረችኝ ቆይቷል። እኔ ነኝ የደበቅኋችሁ።»

እናት ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። ስትወጣ ሳህኑን ይዛለች፤ ጉበቱ ትልልቅ ሆኖ ተቆርጦ ይጨሳል። ልጇን አልተቆጣችም፣ ሴት ልጇን ይቅርታ አልጠየቀችም። ሳህኑን እንደ ሁልጊዜው በትንሿ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «የራሱ ባይይዝስ?» አለች። «ሰው ተጠባባቂ አያስቀምጥም? ደግሞስ እሱ ሲተኛ ማን ሊያስታምመው ነው፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ? ብይ፣ ይቀዘቅዛል።» በዚያች ሰዓት ትንሿ ሁሉም ነገር ገባት። መቅኔዋ ባይፈለግ እጇ ይፈለጋል፣ እጇ ባይፈለግ ሌላ ነገሯ ይገኛል። እናት ክፉ ሆና አይደለም፤ በር ስትጠብቅ የኖረች ሴት የወጣ ሁሉ የጠፋ ይመስላታል።

ስልኩ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ ትልቁ አጠገብ ነው፣ የቀይዋ ስም በርቶበታል። እናት ተንቀሳቀሰች፤ ጉልበቷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ አስቀራት። ትልቁ እጁን ከፎጣው ስር አውጥቶ ጣቱን ስልኩ ላይ ጎተተ። አልተቀበለውም። እንደገና ጎተተ፣ በጣቱ አንጓ ሞከረ፣ አልሆነም። «አንሺልኝ፣ ቶሎ» አለ። ትንሿ በትከሻው በኩል ተንጠራርታ ነካችውና የድምፅ ማጉያውን ከፈተች።

«እናትሽ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ካንቺው አፍ ልስማ ብዬ ነው» አለች ቀይዋ፣ ድምጿ ክፍሉን ሞላው።

«ወንድሟ ነኝ» አለ ትልቁ። «ወንበሩን ለሰው እንዳትሰጪ። ትመጣለች። እኔ ትንሽ ሲሻለኝ፣ ወዲያው ትመጣለች።» ይህን ብሎ ዞሮ ትንሿን አያት፤ ከወራት በኋላ ዓይኗን ማየቱ ነው፣ ስጦታ እንደሰጠ ሰው ዓይኑ በርቷል። የሰጣት ምን እንደሆነ አልገባውም። ትንሿ ግን ገባት፤ በሩን ከፍቶ፣ ቁልፉን ግን በገዛ ሕመሙ ላይ አንጠልጥሎታል።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ሰኞ እመጣለሁ» አለች።  «ሲሻለው አይደለም። ሰኞ።»

ቀይዋ የመለሰችውን ልብ ብሎ የሰማ የለም። ስልኩ ተዘጋ። ትንሿ የወንድሟን ራስ በሁለት እጇ ይዛ መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረችው፣ ግማሹ ገና አልተቆረጠም። «አትነቃነቅ፣ ጆሮህን እንዳልቀጥፈው» አለችው። ትልቁ አልተነቃነቀም። ትከሻው ከፎጣው ስር ሁለቴ ሦስቴ ከፍ ዝቅ አለ፤ ያለቅስ እንደሆን ትንፋሽ አጥሮት እንደሆን ከኋላ አይታወቅም። መቀሱ መሥራቱን ቀጠለ። እናት ሳህኑ ጋ ቆማለች፣ እጇ ባዶው አንገቷ ላይ ቁልፉን ይፈልጋል፤ ቁልፉ ሳጥኑ ላይ እንደተሰካ ነው።

«ይሄን ጉበት ታዲያ ማን ሊበላው ነው?» አለች።

«ለኔ አምጪው» አለ ትልቁ ለግድግዳው። «የሚወሰደው ከኔ አይደል?»

«ይሄ ቁራጭ አፍህ አይገባም።»

«አሳንሰሽ ቁረጪልኛ፣ እማ።»

 እናት ሳህኑን አየች፣ የልጇን የተከረከመ ማጅራት አየች፣ ሳጥኑን አየች። ከዚያ በርጩማውን በእግሯ ስባ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ቢላውን አነሳች፣ ጉበቱን አሳንሳ አሳንሳ፣ ለሕፃን እንደሚቆረጥ ትቆርጠው ጀመር።

«ሰኞ ገና ነው» አለች፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ።